ፋይናንሻል ኤይድ (የኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ፎርም) የምትሞሉ የባህርዳር ልጆች፣ ይቺን ልጅ እወቋት

ታናሽ እህቴን አሜሪካ ያለ አንድ ኮሌጅ ትምህርቱን፣ ዶርሙን፣ ምግቡን ችሎ ተቀብሏታል ተመስገን፣ እና ሰው ሁሉ "በማን አስጨረሳችሁት" እያለ ስለሚጠይቀኝ እዚሁ ልጻፈው። በኤጀንት አይደለም። ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ የጽህፈትና የስካን ሱቅ የምትሰራ ልጅ ናት የረዳችን። ስሟን ሳላስፈቅዳት አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ ጠይቄያት እሰጣችኋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ኤጀንት ነኝ ባይ ፋፍሳ (የአሜሪካ መንግስት የተማሪ ድጋፍ ፎርም) እንሞላላችኋለን ብሎ ብር ጠይቆን ነበር። እሷ ስትሰማ ሳቋ መጣ፣ ፋፍሳ እኮ የአሜሪካ ዜጋ ወይ ግሪን ካርድ ምናምን ላለው ነው፣ ከዚህ ለሚያመለክት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው ኮሌጆች የቤተሰብ ገቢ የሚያዩበት የኦንላይን ፎርም ነው፣ ወይ ኮሌጁ የራሱ ፎርም ካለው እሱ ነው አለችን።

ሲኤስኤስ ደግሞ ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ከዛ ለእያንዳንዱ 16 ዶላር፣ የዶላር ካርድ ከየት ይመጣል? እህቴን አስቀምጣ ለየኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ኢሜይል አስጻፈቻት፣ መክፈል አንችልም ዌቨር ኮድ (ከክፍያው ነጻ የሚያደርግ ኮድ) ካላችሁ ላኩልን ብላ። አንዳንዱ ኮድ ላከ፣ አንዳንዱ የኛን ፎርም በነጻ ሙሉ አለ፣ ዝም ያለውን ተውነው።

ጭንቁ ያለው የቤተሰብ ገቢ ላይ ነው። የኛ ሰዎች ዘጌ ቡና ነው ያላቸው፣ ደሞዝ የለ ፔሮል የለ፣ ፎርሙ ግን የዓመት ገቢ ይላል። አባቴ "ዜሮ በይው ልጄ" አላት። "አይ አባባ፣ ዜሮ ካልን ታዲያ ምን በልታችሁ ከረማችሁ አይሉንም?" ብላ የጽህፈቷ ልጅ አብራው ቁጭ አለች፣ ስንት ኪሎ ተሸጠ፣ በስንት፣ ለለቃሚ ስንት ወጣ፣ ጌሾውም ሎሚውም ሳይቀር እየጠየቀች በወረቀት ደመረችው። ከቀበሌ መተዳደሪያቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ አስመጥታ ተረጎመችው፣ ቡናው በዓመት አንዴ እንደሚሸጥና ዋጋው እንደሚወጣ እንደሚወርድም ማብራሪያው ቦታ ላይ አስጻፈች። መብራት ሲሄድ በራሷ ስልክ ሆትስፖት ነበር የምንሰራው። የወሰደችው የጽህፈትና የስካን ሂሳብ ብቻ ነው።

ሌላ ኮሌጅ ቀድሞ ስኮላርሺፕ ሰጥቶን ቤቱ እልል ሲል እሷ ካልኩሌተር አወጣች፣ ከጠቅላላው ወጪ ስትቀንሰው የቀረውን እኛ ዘጌን ብንሸጥም አንሞላውም፣ የቀረውን የሚከፍል ሰው ካላሳያችሁ ደግሞ አይ ትዌንቲ (ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን የኮሌጁን ወረቀት) አይሰጧችሁም አለች። ደስታችንን አጠፋችው ብዬ ተናድጄባት ነበር እውነት ለመናገር።

ቁጡ ናት፣ የተጨማደደ ዶክመንት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ትሰማላችሁ። ቅዳሜ አትሂዱ ሰልፍ ነው። ሙሉ ያገኘም ቢሆን የሴቪስ (ከተማሪ ቪዛው በፊት ለአሜሪካ መንግስት የሚከፈል) 350 ዶላርና የአውሮፕላን ቲኬት አብዛኛውን ጊዜ ከኪስ ስለሆነ ከአሁኑ አስቡበት። ሲኤስኤስ ኦክቶበር 1 ነው የሚከፈተው፣ በኛ መስከረም 21 አካባቢ፣ የቀበሌውን ደብዳቤ ከዛ በፊት ክረምቱን አስጽፉት።