ጥርስ ለማሠራት ደሴ ለምትመጡ፦ የትኛው የአጥንት ሙሌት ለእረፍታችሁ ይመቻል?

ለእረፍት ወሎ ገብቶ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ላስተክል የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። መቅደም ያለበት ግን የጊዜው ጉዳይ ነው። ጥርስ ተነቅሎ ዓመት ሲሞላው አጥንቱ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ኢምፕላንት ደግሞ በጉንጭና በምላስ በኩል ቢያንስ 1.5 ሚሊ ሜትር አጥንት መትረፍ አለበት፤ በድምሩ 7 ማለት ነው። ካነሰ መሙላት ግድ ነው፤ የተሞላው እስኪጠና የሚፈጀውን ወራት ደግሞ ማንም ሐኪም አያሳጥረውም።

ደሴ ያየሁት ክሊኒክ ነቅሎ ወዲያው ጉድጓዱን በመሙላት ጎበዝ ነው። የመንጋጋ ጥርስን በጉልበት አይጎትቱም፤ ሥሩን ከፋፍለው ስለሚያወጡት በጉንጭ በኩል ያለው ስስ አጥንት አይሰበርም። ጉድጓዱን ፍቀው ያጸዳሉ፤ የከብት አጥንት ፍርፋሪ በደም አርሰው፣ ሳይጠቀጥቁ ይሞላሉ፤ በኮላጅን ሜምብሬን፣ ማለትም ከእንስሳ በተሠራ ስስ ሽፋን፣ ሸፍነው ይሰፋሉ። ከ4 እስከ 6 ወር መጠበቅ ነው፤ በሚቀጥለው ጉዞ ኢምፕላንቱ ይገባል። ለእንግዳ ከዚህ የተሻለ የለም።

አጥንቱ ቀድሞ ከጠበበ ፍርፋሪው ከጎን ይደረደራል። ሜምብሬኑ ከጉድለቱ ጠርዝ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ማለፍና በፒን ወይም በስፌት መያዝ አለበት፤ አለዚያ ፍርፋሪው ይንሸራተታል። ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው ግን ስፌቱ ነው። የድዱ የውስጥ ሽፋን ተሰንጥቆ ካልላላ፣ ተወጥሮ የተሰፋው ድድ በቀናት ውስጥ ይከፈትና ፍርፋሪው እንደ አሸዋ አፍ ውስጥ ይበተናል። ስለዚህ ክሩ እስኪወጣ፣ ማለትም ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ከከተማው አትራቁ።

ከታችኛው መንጋጋ ጀርባ ቁራጭ አጥንት ወስዶ በብሎን ማሰር ሰፊ ጉድለት ይሞላል። ቁስሉ ግን ሁለት ቦታ ነው፤ ከንፈርም ሊደነዝዝ ይችላል። ለእረፍት አይሆንም።

ቅሬታዬ ሳይነስ ሊፍት ላይ ነው፤ ይህም ከላይኛው መንጋጋ በላይ ያለውን የአየር ክፍተት (ሳይነስ) ወለል አንስቶ ከሥሩ አጥንት መሙላት ነው። ከላይኛው መንጋጋ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አጥንት ከተረፈ በኢምፕላንቱ ቀዳዳ በኩል ማንሳት ይቻላል፤ ካነሰ በጎን መስኮት ይከፈታል፣ ከ6 እስከ 9 ወርም ይጠበቃል። ክሊኒኩ ይህን የወሰነው መላውን መንጋጋ በአንድ ጠፍጣፋ ምስል በሚያሳየው በፓኖራሚክ ራጅ ብቻ ነው። ፓኖራሚክ ስፋት አያሳይም፣ ቁመትንም ያጋንናል፤ ሲቢሲቲ (ባለ ሦስት ገጽታ ራጅ) ሳትነሱ እሺ አትበሉ። ከተሠራም በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል አፍንጫ መናፈጥ የለም፣ ማስነጠስ አፍ ከፍቶ ነው። አውሮፕላንም ይቆያል፤ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ያለችውም አጭር በረራ ትቆጠራለች።

ሌላው ዝም የተባለ ነገር፦ ከኮላጅን ሜምብሬኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት ከአሳማ ነው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የማይነካው ሆኖ ሳለ፣ ካልጠየቁ ማንም አይነግርም። ከከብት የተሠራም ስላለ ቀድማችሁ እዘዙ።

ምግቡ ቀላል ነው፤ ለብ ያለ አጥሚትና ቀጭን ሽሮ። ቆሎ፣ ጫትና ሲጋራ ይቅሩ፤ ትኩስ ቡናም በመጀመሪያው ቀን አይጠጣ። ጾም ላይ ከሆናችሁ የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ስትወጡ የፍርፋሪውን፣ የሜምብሬኑንና የኢምፕላንቱን ተለጣፊ ወረቀት ተቀበሉ። የኢምፕላንቱ ስምና መጠን ካልታወቀ፣ ውጭ ያለው ሐኪም ብሎኑን የሚፈታበት ቁልፍ የትኛው እንደሆነ ሲፈልግ ይውላል።