አልትራሳውንድ ወይስ ሃይዳ ስካን?

ደብረ ማርቆስ ያለችው አክስቴ ቅቤ የበዛበት ወጥ በበላች ቁጥር ቀኝ ጎኗን ይዛ ትቀመጣለች። የሐሞት ከረጢቷን ለመመርመር «የቱን ልነሳ?» አለችኝ።

አልትራሳውንድ፦ ርካሽ ነው፣ ቅርብ ነው፣ ጨረር የለውም። ሳይበሉ መሄድ ብቻ ነው። የሐሞት ጠጠር ካለ ያሳያል።

ሃይዳ ስካን (ጨረር ያለው ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ የሐሞት ፍሰት በካሜራ የሚታይበት ምርመራ)፦ ውድ ነው፣ ሰዓታት ይወስዳል፣ ጥቂት ጨረር አለው። የኑክሌር ሕክምና ያለበት ሆስፒታል ይፈልጋል። የሐሞት ከረጢቱን ሥራ የሚለካው ግን እሱ ነው። ውጤቱ በመቶኛ ይመጣል፤ ከረጢቱ ከያዘው ሐሞት ስንቱን ጨምቆ እንዳስወጣ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ35 ወይም ከ38 በታች ዝቅተኛ ይባላል። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ ለቀዶ ሕክምና አትጣደፉ። እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻም ያወርደዋል። የምትወስዱትን መድኃኒት ቀድማችሁ ተናገሩ፣ አደራ!

ሕመሙ አዲስ ከሆነ ከአልትራሳውንድ ጀምሩ። ጠጠር ሳይገኝ ሕመሙ ከተመላለሰ፣ ሃይዳውን ሐኪማችሁን ጠይቁ። ትኩሳት ካለ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ግን ማማረጥ የለም፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል።