ጥሬ ፎቶ ወይስ ካርታ? ፐርሲቪራንስን ከሐዋሳ ለመከታተል

ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ በስልኬ የማርስን የደረቀ ሐይቅ አያለሁ። የአሜሪካ የጠፈር ተቋም ናሳ የላካት ተሽከርካሪ ሮቦት ፐርሲቪራንስ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፈችበት ጄዜሮ የተባለ ሰፊ ጉድጓድ 45 ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ድሮ ውሃ ነበረበት። ናሳ የምትልከውን ጥሬ (ገና ያልተስተካከለ) ፎቶም የጉዞዋን ካርታም በነፃ ይለቃል። በየቱ ልጀምር ለምትሉ፦

ወጪ፦ ፎቶ ሲበዛ ዳታ ይጨርሳል። ካርታውን አልፎ አልፎ ማየት ይበቃል።

ቅለት፦ ፎቶው ለማንም ይገባል። ጠጠሩ፣ የጎማው ዱካ፣ አሸዋው ላይ የወደቀው ጥላዋ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ካርታው ከላይ የተነሳ ነው፤ መንገዷ መስመር፣ የቆመችበት ነጥብ።

ስህተት፦ እዚህ ላይ ፎቶው ያታልላል። አጠገቡ መለኪያ ስለሌለ ጡጫ የምታህል ድንጋይ ታቦር ተራራን ትመስላለች። ካርታው ግን ርቀቱን ያሳያል።

ከልጆች ጋር ለማየት ፎቶው ይሻላል። ጉዞዋን ለወራት ለሚከተል ካርታው። እኔ ማታ ማታ ፎቶ አያለሁ፤ ቅዳሜ ካርታ ከፍቼ ፎቶው የት እንደተነሳ እፈልጋለሁ።