«ፈቃዱ ሦስቱም ጋ ይሠራል» ተብላችሁ የሽጉጥ ክላስ ልትገቡ ያሰባችሁ፣ ቆዩ!

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ከሰውዬው ቢሮ ከወጣሁ ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም።

ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። በሐበሻ ሱቅ በር ላይ፣ ከሚከራይ ክፍልና ከሞግዚት ማስታወቂያ መሀል የተለጠፈች ወረቀት አለች። «በአማርኛ! በአንድ ቀን! ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ዲሲ!» ትላለች። ስትሄዱ ቡና ይቀርባል። ከዚያ ሰው ሲዘረፍና ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ይከፈታል። የሁሉም ልብ ሲርድ ዋጋው ይነገራል።

እኔ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። ሥራዬ ደግሞ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ አረጋውያን ማቆያ ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ። ጥር ላይ አንዷን የሥራ ባልደረባችንን ከነቦርሳዋ መኪና ማቆሚያው ላይ መሬት ለመሬት ጎተቷት። ከዚያ በኋላ ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ጋ እስክደርስ እግሬ አይታዘዘኝም ነበር። በዚህ ፍርሃት ነው የሄድኩት። ለክላሱ 380 ዶላር፣ ሽጉጥ መያዣ ኪስ ላለው የእጅ ቦርሳ 165 ዶላር ከፈልኩ። ሁሉንም በዜል፣ ከባንክ ሂሳቤ በስልክ ላኩለት።

ክላሱ ላይ እጄን አውጥቼ ጠይቄው ነበር። «እኔ ሜሪላንድ ነው የምሠራው፤ እዚያም ይዤ መሄድ እችላለሁ?» አልኩት። ዓይን ዓይኔን እያየ «እናቴ፣ በእኔ ይሁንብዎት። ሦስቱም ጋ ይሠራል» አለኝ።

ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃዱን የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ሰጠኝ። ሽጉጡን ከመደብር ገዛሁ። ከዚያም 11 ሌሊት ሙሉ በቦርሳዬ ይዤ የውድሮው ዊልሰንን ድልድይ ተሻገርኩ። አሁን ሳስበው ሰውነቴ ይርዳል። ያ ድልድይ ከቨርጂኒያ ተነስቶ ሜሪላንድ ነው የሚያርፈው፤ መሀል ላይ የዲሲን ጫፍም ይነካል።

ያዳነኝ የሥራ ቦታችን ጥበቃ ነው። በእረፍት ሰዓት ስናወራ ሽጉጥ እንደምይዝ ነገርኩት። ፊቱ ወዲያው ተለወጠና ሕጉን ነገረኝ። ሜሪላንድ የሌላ የማንንም ስቴት ፈቃድ አትቀበልም፣ ዲሲም እንደዚያው። ሜሪላንድ የራሷን ፈቃድ የምትሰጠው በስቴቱ ፖሊስ በተፈቀደለት አሠልጣኝ 16 ሰዓት ለተማረ ነው። ዲሲ 16 ሰዓት ትምህርትና 2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ትጠይቃለች። የእኔ ክላስ 4 ሰዓት ነበር፤ የተኮስኩት 10 ጥይት። ያለ ፈቃድ መያዝ እስር ቤት ያስገባል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ደግሞ በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ልጆቼን ያሳደግኩት እዚህ ነው።

ዛሬ ጠዋት ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ቢሮው ሄድኩ። እሱ ፍርፍር እየበላ ነበር። አብራው የምትሠራው ልጅ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጣለች። ገንዘቤን ሲቀበል «እናቴ፣ እርስዎ እዚህ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር የሳበልኝ ሰው ዛሬ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ምን ፈለግሽ?» አለኝ። አንቺ። በልጄ እድሜ ያለ ሰው!

ነገሩን አስረዳሁት። እጁን በሶፍት ጠረገና ከመሳቢያው የእኔን ፋይል አወጣ። ሦስተኛውን ገጽ ገልጦ በጣቱ አንዲት መስመር ላይ ጫን አደረገ። በእንግሊዝኛ፣ በጣም በደቃቅ ፊደል ተጽፋለች። የየስቴቱን ሕግ የማወቅ ኃላፊነት የተማሪው ነው ትላለች። ከሥሯ የእኔ ፊርማ አለ።

«ይሄ የማን ፊርማ ነው?»

«የእኔ ነው፤ ግን አንተ በአፍህ...»

«እኔ ምንም አላልኩም። ማንበብ አትችይም እንዴ?»

ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። እሱ ፋይሉን መለሰና መሳቢያውን ዘጋው። «ለመሆኑ ተይዘሻል? አልተያዝሽም። ታዲያ ምን ያስጮህሻል?» አለኝና ወደ ፍርፍሩ ተመለሰ።

ቃል ከአፌ አልወጣም። ቆሜ ቆሜ ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

በእሱ ብቻ አይደለም የተናደድኩት። ለታማሚዎቼ አንዲት ኪኒን ከመስጠቴ በፊት የብልቃጡን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ የማነብ ሴት ነኝ። የራሴን ሕይወት የሚመለከት ሦስት ገጽ ግን ሳላነብ ፈረምኩ። ለምን? ቋንቋዬን ስለተናገረ። እናቴ ስላለኝ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ቦርሳውም ሌላ ጉድ ነው። ልጄ ጥይቱን አውጥቶ ሽጉጡን ኪሱ ውስጥ መለሰና ከውጭ በአውራ ጣቱ ጫን አለው። ቃታው ቀጭ አለ። ስስ ጨርቅ ነው፤ ቃታውን የሚከልል ጠንካራ ነገር ምንም የለውም። ሽጉጡን ጥይት ጎርሶ ነበር ከቁልፌና ከመነጽሬ ጋር ይዤው የዞርኩት። ሰው ተደግፎኝ ቢሆንስ?

ስለ ጥንቃቄውም ቢሆን ሰውዬው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከበር ከመውጣት በፊት ዙሪያን ማየት፣ ስልክ ቦርሳ ውስጥ መክተት፣ የሚያጠራጥር ሰው ሲታይ ወደ ውስጥ መመለስ፣ ይሄን ሁሉ በነጻ የነገረኝ ጥበቃው ነው። አሁን መኪናዬ ድረስ አብሮኝ ይሄዳል።

መማር የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ለሜሪላንድ ከሆነ የአሠልጣኙን ስም ከመክፈላችሁ በፊት የስቴቱ ፖሊስ ዝርዝር ላይ ፈልጉት። የምትሠሩበት ስቴት ከምትኖሩበት የተለየ ከሆነ ለሁለቱም ጠይቁ። በዜል አትክፈሉ፤ ባንኬ ደውዬለት ራስሽ ፈቅደሽ የላክሽውን ማስመለስ አንችልም ብሎኛል። ቢያንስ ፔፐር ስፕሬይ (ዓይን የሚያቃጥለው መርጫ) ለአዋቂ ሰው ሦስቱም ጋ ይፈቀዳል።

ወደ ቤት ስመለስ እንጀራ ልገዛ ሱቁ ጋ ቆሜ ነበር። ወረቀቷ አሁንም በሩ ላይ አለች። ለፊታችን ቅዳሜ ሰው እየመዘገቡ ነው።