የእምቦጭ ተንሳፋፊ አጥር፦ ሸራው ይሻላል ወይስ ቱቦው?

ለእምቦጭ መያዣ የሚሸጡት ተንሳፋፊ አጥሮች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ፎም የታቀፈ የፒቪሲ ሸራ ሲሆን ከሥሩ የሰንሰለት ክብደት አለው። ሁለተኛው ጥቁር የኤችዲፒኢ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ቱቦ ነው፤ ከሥሩ መረብ ይንጠለጠልበታል። ለወራጅ ውኃ፣ ከጣና ለሚወጣው ዓባይም ሆነ ለርብና ለጉማራ፣ የእኛ ምርጫ ቱቦው ነው።

ሸራው መጀመሪያ የተሠራው በውኃ ላይ የፈሰሰ ነዳጅ ለመክበብ ነው። በረጋ ውኃ ጥሩ ይሠራል። ወንዝ ውስጥ ግን አረሙን ብቻ ሳይሆን ውኃውንም ጭምር ለማገድ ይታገላል። የውኃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ግማሽ ሜትር ወደ ታች የሚወርድና 100 ሜትር የሚረዝም ሸራ በሰከንድ ግማሽ ሜትር የሚሄድ ውኃ ፊት ለፊት ቢገጥመው ወደ 1 ቶን ይጫነዋል፤ ክረምት ገብቶ ፍጥነቱ 1 ሜትር ሲደርስ ወደ 4 ቶን። ያኔ መገጣጠሚያው ላይ ይተረተራል።

ቱቦው ውኃውን በመረቡ ያሳልፋል። ዲያሜትሩ 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በየሜትሩ እስከ 49 ሊትር ውኃ የመግፋት አቅም አለው፤ ክምር ሲጫነው በቀላሉ አይሰምጥም። ደካማ ጎኑ የጫፍ ብየዳው ነው። በጣም ትንሽ ስንጥቅ እንኳ ቀስ በቀስ ውኃ ታስገባለች። ስለዚህ ውስጡ በፎም የተሞላውን ግዙ። ጭነቱን መሸከም ያለበት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ የሽቦ ገመድ እንጂ ቱቦው አይደለም። የሻክሎቹን (ገመዱን የሚያያይዙትን የብረት ቀለበቶች) ቡሎን በቀጭን ሽቦ እሰሩት፤ አለዚያ ውኃው ቀን ከሌት ሲያንቀጠቅጠው በራሱ ይፈታል።

የመረቡ ዓይን ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ጠባቡ በጭቃና በቅጠል ይደፈናል፣ ሰፊው ትንንሾቹን ቡቃያዎች ያሳልፋል። ቁመቱም ከ60 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። እስከ ወንዙ ወለል የሚወርድ መረብ በክረምቱ ማብቂያ ለመራባት ሽቅብ የሚወጣውን የጣናን ነጭ ዓሣ መንገድ ይዘጋል፤ ይህ ለእኛ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው አተካከል ላይ ነው። አጥሩን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጎ መወጠር ስህተት ነው፤ እምቦጩ መሃል ላይ ይከመራል፣ እርስ በርሱ ይጨናነቅና በመረቡ ሥር ተጠቅልሎ ያልፋል። ከዳሩ ጋር 30 ዲግሪ ያህል ይሁን። 60 ሜትር ስፋት ላለው ወንዝ 120 ሜትር አጥር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ወጪው እጥፍ ቢሆንም አረሙ እየተንሸራተተ ወደ አንድ ዳር ይደርሳል። እዚያ ዳር ኤክስካቫተር ወይም በቂ የሰው ኃይል ከሌለ አጥሩን አትግዙ። የተጠጋጋ እምቦጭ በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ 100 ካሬ ሜትር ከተጠራቀመ 3 ቶን እርጥብ አረም ነው። የወጣውም ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ ይከመር።

ለታንኳ መተላለፊያ ሁለት አጥሮችን እንደ ተደራረበ በር ማሳለፍ ከመክፈቻ መንጠቆ ይሻላል፤ ማንም ሳይከፍተው ታንኳው ያልፋል። ዘሩን ግን የትኛውም አጥር አያስቀረውም። ዘሩ ይሰምጣል፣ ጭቃ ውስጥም ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል።

ነሐሴ ላይ ግንድ ይመጣል። በአንዱ ጫፍ፣ ከዋናው ገመድ ቀድሞ የሚበጠስ ቀጭን ማያያዣ አስገቡ። ግንዱ ሲመታው ያ ጫፍ ብቻ ይለቅና አጥሩ ሳይቀደድ ታጥፎ ዳር ላይ ይተኛል፤ በማግስቱ አዲስ ማያያዣ አስገብቶ መመለስ ይቻላል።