ለግድግዳ ጌጥ፦ የጋዜጣ ድርብርብ ወይስ የወረቀት ሊጥ?

ከአሮጌ ወረቀት የግድግዳ ጌጥ ለመሥራት ጋዜጣውን ቀዶ መደራረብ ወይም ዘፍዝፎ እንደ ሊጥ ማቡካት ይቻላል።

መደራረቡ እንደ ሰፌድ ላለ ክብ ጌጥ ይሻላል። ሙጫው፦ 1 ኩባያ ዱቄት በ1 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ 4 ኩባያ የፈላ ውሃ ውስጥ መጨመርና እንደ አጥሚት እስኪወፍር ማማሰል። ጋዜጣው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል እየሆነ በእጅ ይቀደድ፤ በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ቀለም ከተቀባም በኋላ መስመር ሆኖ ይታያል። ፌስታል የለበሰ ሳህን ላይ አንዱ ድርብ በቁመት፣ ቀጣዩ በአግድም እየተለጠፈ 5 ይድረስ። በየ2 ድርቡ ይድረቅ፤ በአንዴ ከተለጠፈ ላዩ ደርቆ ውስጡ ይሻግታል።

ሊጡ ቅጠል፣ ወፍ ወይም ሐረግ ጎላ ብሎ እንዲወጣ ለሚፈልግ ነው። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ተቆራርጦ ሌሊቱን ይዘፈዘፍ፣ በብዙ ውሃ በብሌንደር ይፈጭ፣ በስስ ጨርቅ ይጨመቅ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ በጭብጥ ሲያዝ የሚያንጠባጥብ ሊጥ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፤ የሚፈረፈር ደግሞ ቅርጽ አይዝም። ለ2 ኩባያ ጭምቅ ወረቀት ግማሽ ኩባያ ነጭ ኮላ ይበቃል። ውፍረቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። ካርቶን ላይ የሚለጠፍ ከሆነ የካርቶኑም ጀርባ ወረቀትና ኮላ ይልበስ፤ ያለዚያ ይጎብጣል።

ሊጡ ለመድረቅ ቀናት ስለሚፈጅ በክረምት ባይጀመር ይመረጣል። ለጀማሪ ድርብርቡን እንመክራለን፤ ሐረግ ካማረው ደርቆ ካለቀ በኋላ በጥቂት ሊጥ ላዩ ላይ ይሥራ። መስቀያ ሽቦው ከመጨረሻው ድርብ በፊት ከጀርባ ይቀበር።