«ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» ከሚላችሁ ጋራዥ ተጠንቀቁ

ጅማ ውስጥ መኪና የምትነዱ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው።

የኮሮላዬ ኤሲ አመል አወጣ። ስነዳ ይቀዘቅዛል። ቆሜ ሰው ስጠብቅ ወይም መርካቶ አካባቢ ከባጃጆቹ ጋር ስንፏቀቅ ሙቅ አየር ይነፋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳይል ይውላል። «ጅማ ላይ ኤሲ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከተማችን ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሯም ደግ ነው። ግን አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ግቤ በረሃን ማቋረጡ አይቀርም። እኔ ደግሞ ደም ግፊት ያለባትን እናቴን ለሕክምና ይዤ ልሄድ ነበር።

የጋራዡን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ «የኤሲ ጋዝ እንሞላለን» ተብሎ በቀለም ተጽፏል። ባለቤቱ ኮፈኑን ያስከፍታል፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያያል፣ ምንም ሳይነካ ይፈርዳል።

«ኮምፕሬሰሩ ሞቷል። የዱባይ ኦሪጅናል አለኝ፤ ለሌላ ሰው 35 ሺህ ነው፣ ላንቺ 28 ይሁንልሽ።» ኮምፕሬሰር ማለት የኤሲውን ጋዝ እየጨመቀ የሚያዞረው ፓምፕ ነው።

«የሞተ ከሆነ ስነዳ እንዴት ይቀዘቅዛል?» አልኩት።

«እህቴ፣ ይሄ የሴት ነገር አይደለም። ባለቤትሽን ላኪውና ለእሱ እናስረዳዋለን።» ልጆቹ ሳቁ። መኪናዋም ገንዘቡም የኔ ነው! ያን ሳቅ እስካሁን እሰማዋለሁ።

ቢሆንም እንዲቀይረው መኪናዋን ትቼለት ሄድኩ። ልወስዳት ስመለስ ሞተሩን በነዳጅ እያስጮኸ «እጅሽን አስጠጊ፣ በረዶ ነው» አለኝ። በእርግጥም ይቀዘቅዝ ነበር። 28,000 ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ ከደብተር ቀድዶ ጻፈልኝ። አሮጌውን ኮምፕሬሰር ስጠይቅ «እሱን ለቆራሌው ሰጠነው፣ ብረት ነው» አለ።

ግቤን ተሻግረን ዳገቱን ከጭነት መኪና ኋላ ቀስ እያልን ስንወጣ ያው ሙቅ አየር ፊታችን ላይ ነፋ። እናቴ ነጠላዋን በውኃ እያራሰች አንገቷ ላይ ታደርጋለች። ምን እንደተሰማኝ እናት ያለው ያውቀዋል።

ወልቂጤ ላይ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሺያን አየልን። ኤሲውን አብርቶ መጀመሪያ ያየው ፋኑን ነው። ከራዲያተሩ ፊት ያለውን ኮንደንሰር (የኤሲው ጋዝ ሙቀቱን የሚያወጣበትን ክፍል) የሚያቀዘቅዘው ፋን ቆሟል። በካቻቢቴ እጀታ የፋኑን ሞተር መታ መታ ሲያደርገው ፋኑ መዞር ጀመረ፣ ትንሽ ቆይቶ ቅዝቃዜው መጣ። የፋኑ ሞተር ካርቦን (ኤሌክትሪኩን ለሚዞረው ክፍል የሚያደርሰው) አልቋል፤ ሲያሻው ይዞራል፣ ሲያሻው ይቆማል። በፍጥነት ስነዳ የፋኑን ሥራ ነፋሱ ይሠራዋል። ስቆም ነፋስ የለም፣ የጋዙ ግፊት ይጨምራል፣ ሲበዛ መከላከያው ስዊች ኮምፕሬሰሩን ያጠፋዋል። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነበር። ካርቦኑን ቀየረልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ኤሲው አልተቋረጠም።

ከአዲስ አበባ ስመለስ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ባለቤቱ ከአንድ በዕድሜ የገፉ አባት ጋር ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ታጥቦ የሚያብለጨልጭ ኮምፕሬሰር አለ። «የዱባይ ኦሪጅናል ነው አባቴ፣ ገና ዛሬ የገባ» ይላቸዋል። ጠጋ ብዬ አየሁት። ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሳው ማግኔት ሽቦ ከፕለጉ ሥር በቢጫ ሽቦ ተቀጥሏል። ያንን ቢጫ ሽቦ አውቀዋለሁ። በፊት አጋሮ ላይ ተበጥሶ ያስቀጠልኩት ራሴ ነኝ፣ አጠገቡ ቆሜ።

«ይሄ የኔ ነው» አልኩት።

ዝም አለ።

«ሞቷል ያልከኝ ይሄ ነው? ለቆራሌው ሰጠነው ያልከኝ?»

ጨርቅ አነሳና ኮምፕሬሰሩ ላይ ጣል አደረገበት። ዓይኔ እያየ! ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሮ «ባለቤቷን ትላክ ብያት ነበር» አለ። እንደገና ሳቁ። እኚያ አባት ግን ጨርቁንም እኔንም አዩ፤ ባርኔጣቸውን አድርገው ምንም ሳይሉ ወጡ። ቢያንስ እሳቸው ተርፈዋል።

የሁለቱን ቱቦ ግፊት፣ ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም፣ በጌጅ (በግፊት መለኪያ) ሳይለካ «ኮምፕሬሰር ቀይሩ፣ ጋዝ አስሞሉ» ለሚል ሰው ብር አትስጡ። ሞተሩን ሳያስጮኽ፣ መኪናው ቆሞ ኤሲው በርቶ ፋኑ መዞሩን ያሳያችሁ። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። መጀመሪያ እሱ ይደፈን፣ ከዚያ ቫኪዩም ይደረግ (ውስጡ የቀረው አየርና እርጥበት በፓምፕ ይሳብ)፣ ጋዙ የሚሞላው በመጨረሻ ነው። አሮጌውን ዕቃ ሳትረከቡ አትክፈሉ።

ደረሰኝ መስጠት ደግሞ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 የነጋዴው ግዴታ ነው፤ የደብተር ቅዳጅ አትቀበሉ። እኔ ያለኝ ቅዳጅ ብቻ ነው፣ እሱኑ ይዤ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። እስከዚያ ግን ጅማ ውስጥ ፕለጉ ሥር በቢጫ ሽቦ የተቀጠለ የኮሮላ ኮምፕሬሰር «የዱባይ ኦሪጅናል» ብለው ካቀረቡላችሁ አትግዙ። የኔ ነው።